ከመድኃኒት መደብሩ ስለተወሰደው ወንበር

ለተከበሩ የጤና ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ወንበር እንዲመለስልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ ያለኝን ምኞት አቀርባለሁ። ደምዎ በሥርዎ ውስጥ ሳይቸኩልም ሳይዘገይም እንዲሄድ፣ ጆሮዎ ያለ ምክንያት ጭው እንዳይል፣ ከመቀመጫዎ ሲነሱ ወለሉ እንዳይከዳዎ እመኛለሁ። እኔም በአሁኑ ጊዜ የምኖረው በምኞት ስለሆነ ካለኝ ላይ ማካፈሌ ነው።

ከዚህ ቀደም በሥራዬ ምክንያት አንድ ጊዜ ተገናኝተናል፤ እርስዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከመድኃኒት መደብሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር የመደብሩን የመስታወት በር አያለሁ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እሷ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች፤ መቀስ እንደ እሷ የሚታዘዝለት ሰው በሰፈሩ አልነበረም። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ አፏ ወደ ግራ ዞሮ፣ ቀኝ እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ እኔም ስሰፋ ያየኛል። የደም ግፊት እንዳለባት አታውቅም ነበር፤ ማንም ለክቷት አያውቅም። አያምም እኮ። ክቡርነትዎ ስለዚህ በሽታ ከእኔ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀበሉኝ ቢፈቅዱ ይህንን እመርጣለሁ፦ አያምም። ቢያም ኖሮ ይህን ያህል ባልፈራሁት።

እንግዲህ ፋርማሲስቶች መድኃኒት ከማቀበል በቀር የሰው ግፊት እንዳይለኩ፣ ስለ ሕክምናውም አንዳች እንዳይመክሩ የሚያዝዘው ሰርኩላርዎ ከደረሰን ወዲህ ያገኘናቸውን ጥቅሞች በቅደም ተከተል ላመስግንዎ።

አንደኛ፦ ከመጋረጃው ጀርባ የነበረውን ወንበር ስላስወሰዱልን አመሰግናለሁ። መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር ነበር፤ አንደኛው እግሩ ስለሚያጥር ሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎበታል። የእህቴን ኪኒን ልገዛ በሄድኩበት ቀን ፋርማሲስቷ ኪኒኑን አቀበለችኝና፣ «አንቺስ?» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?» አልኳት። «እሱን አናውቅም፤ ግቢና ተቀመጪ» አለችኝ። በሙያ ድንበር መጣስ የሚከሰሱት ሴት ድንበሩን የጣሱት እንዲህ ባለ አጭር ጥያቄ መሆኑን ለመዝገብዎ ያህል አስታውቃለሁ።

አለካኳ እንዲህ ነው። «ጀርባሽን ደገፍ አድርጊ፤ እግርሽን አታነባብሪ፤ አሁን ዝም በይ» ትላለች። ራዲዮኗን ታጠፋለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ ትታሽ ትሄዳለች። መቀመጥ ያቃተው ሰው ከመጋረጃው አንገቱን አውጥቶ፣ «ረሳሽኝ እንዴ?» ይላል። «አልረሳሁህም፤ ግን ተናገርክ፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን» ትለዋለች። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ እትዬ ዝምታ የሚል ስም አወጣላት። ሥጋ ሻጩ፣ «ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያልቻለችውን በአንድ መጋረጃ ቻለችው» እያለ ይስቅ ነበር። እሱም ቢሆን ሲጠሩት ይሄድ ነበር። ማንም ምንም የማይጠይቀን ቦታ ከዚያ ወንበር ሌላ አልነበረንም መሰለኝ። እዚያ ተቀምጬ ልቤ እንደ ተናደደ እንግዳ ቀስ በቀስ ሲበርድ እሰማው ነበር። ከዚያ ትመጣለች፤ ትለካለች። ያ ቁጥር የእኔ ነበር።

ሁለተኛ፦ ስልኩን ስላስቆሙልን አመሰግናለሁ። የጤና ጣቢያው ሐኪምና እትዬ ዝምታ ስምምነት ነበራቸው። መርምሮ መድኃኒቱን የሚጀምረው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው የምትለካውና የምትከታተለው እሷ ናት፤ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ነገር ሲኖር ትደውልለታለች፣ እሱም ይወስናል። የእኔም ግፊት ከፍ ብሎ ስታገኘው ወደ እሱ ላከችኝ፤ መጀመሪያ የታዘዘልኝ ኪኒን ቁርጭምጭሚቴን ሲያሳብጠው ለማንም ሳልናገር መዋጥ ትቼ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱን ደበቅሁ። እሷ ግን ክንዴን ሳትነካ እግሬን አየች። «ጫማሽን ትተሽ ነጠላ ጫማ ማድረግ ከጀመርሽ ወዲህ ነው አይደል ኪኒኑን የተውሽው?» አለችኝ። እዚያው ፊቴ ደወለች። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ ለወጠልኝ። ወደ ጫማዬ ተመለስኩ።

ሰርኩላርዎ ይህንን «ሥርዓት አልባ የመረጃ ልውውጥ» ብሎታል። ቃሉን ለእህቴ አነበብኩላት። በደህናው የፊቷ ጎን ሳቀች፤ ሌላው ጎን እንደ ወትሮው ታዘበ።

ሦስተኛ፦ የላኳቸው ሁለት ተቆጣጣሪዎች እጅግ ጨዋ ስለነበሩ አመሰግናለሁ። ከመስኮቴ አይቻቸዋለሁ። የግፊት መለኪያውን በፕላስተር አሽገው መስታወት ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት፤ አሁንም እዚያው አለ፤ መድኃኒት ስንገዛ እናየዋለን። ወንበሩን ግን ይዘውት ሄዱ። እትዬ ዝምታ፣ «መለኪያውስ እሺ፤ ወንበሩ ምን አደረገ?» ብላ ጠይቃቸው ኖሯል። ታናሽየው፣ «እናቴ፣ ወንበር ካለ ሰው ይቀመጣል» አላት። እስከ ዛሬ ከጽሕፈት ቤትዎ የሰማሁት እውነተኛ ቃል እሱ ነው።

ሥሩ የነበረው ካርቶን ወለሉ ላይ ቀረ።

አራተኛ፦ በምትኩ የግፊት ክትትል በጤና ጣቢያው እንዲሆን ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። እዚያ ያለው ኮሪደር ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ከፊት ያለው ሰው በተጠራ ቁጥር ሁላችንም ብድግ እያልን አንድ ሰው ወደፊት እንጠጋለን። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚጠራው ስም የእኔ ይመስለኛል። ስሜ ሲጠራ ደግሞ የሌላ ሰው ይመስለኛል። ነርሷ ደግ ልጅ ናት፤ ግን ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ እያየች የመለኪያውን ጨርቅ በሹራቤ ላይ ጠቅልላ እየለካችኝ፣ «ራስ ምታት አለሽ? ኪኒን ትወስጃለሽ? ስልክ ቁጥርሽ ስንት ነው?» ትለኛለች፤ እኔም እመልሳለሁ። ከዚያ ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ትመጣለች። ክቡርነትዎ፣ ቁጥር አይታ ከንፈሯን የምትመጥ ነርስ ፊት ተቀምጠው ያውቃሉ?

ስለ መለካት ትንሽ የማውቀው ነገር አለኝ፤ እንጀራዬ ነው። ሰው ሜትር ወገቡን ሲነካው ሆዱን ይስባል። አስቦበት አይደለም። ለመዋሸትም አይደለም። የተለካ ሁሉ ለአፍታ ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሜትሩን እንደያዝኩ ስለ ልጆቹ እጠይቀዋለሁ፤ ማውራት ሲጀምር ይረሳኛል፣ ይተነፍሳል፣ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያኔ አነባለሁ። እትዬ ዝምታ በዝምታ የምታደርገውን እኔ በወሬ አደርገዋለሁ። ሰውዬው ወደ ራሱ እስኪመለስ መጠበቅ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ጤና ጣቢያው ግን ለመጠበቅ ጊዜ የለውም። የሚለካው የፈራችውን እኔን ነው።

ሐኪሙ ቁጥሩን አየ። «ምነው እንዲህ ወጣ? ፋርማሲስቷስ ለምን አልደወለችልኝም?» አለ። መከልከሏን ነገርኩት። ማዘዣ እየጻፈ ነበር፤ እጁ ቆመ። በሩን አየ፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ሰልፍ አየ። «እንግዲህ እጄ ላይ ያለው ይኸው ቁጥር ነው» አለና ኪኒኑን እጥፍ አደረገልኝ። አልፈርድበትም። እሱም እንደ እኔ ፈርቶ ነበር።

ማዘዣውን ይዤ ወደ እትዬ ዝምታ ሄድኩ። አነበበችው። አየችኝ። እንደገና አነበበችው። አፏ ተከፈተ፤ ከኋላዋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሰርኩላርዎ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ተዘጋ። ዝም በሉ ስትለን የኖረችው ሴት አሁን እሷ ዝም አለች። ኪኒኑን አቀበለችኝ። ልወጣ ስል ብቻ፣ «ስትነሺ ቀስ ብለሽ ተነሺ» አለችኝ። ተቆጣጣሪዎችዎ ይህንን እንደ ምክር እንዳይቆጥሩባት አደራ እላለሁ፤ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ እያሰርኩ ነበር፤ ጎንበስ ላለ ሰው ሁሉ የሚባል ነገር ነው። ጎንበስ ማለቴን እምላለሁ። ካስፈለገ ማሰሪያውን አቀርባለሁ።

አምስተኛ፦ አምስተኛውን ልጽፍ መብራት ለማብራት ብድግ ስል ዓይኔ ላይ ጨለማ ወረደ። ተቀመጥኩ። ይህ መስመር የተዛባው ለዚያ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስድስተኛ፦ ስለ መውደቄ። ቀሚሷን ልታስጠብብ የመጣች አንዲት መምህርት ፊቴ ቆማለች፤ እኔ ተንበርክኬ ጠርዙን በስፒል እይዛለሁ። እንደ ሙያችን ልማድ ስፒሎቹ ከንፈሬ ላይ ናቸው። ጨርሼ ብድግ አልኩ። ከዚያ የማስታውሰው የስፌት መኪናውን እግር ነው፤ በጣም ቅርብ ነበር፤ ብረቱ ላይ ያለውን ዝገት አየሁት። መምህርቷ ትጮሃለች። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ በግራ እጇ ከአፌ ውስጥ ስፒል ትለቅማለች። «አትዋጪ! አትዋጪ አንቺ ልጅ!» ትለኛለች። ከዚያ «ስንት ነበሩ?» አለችኝ። ስንት እንደነበሩ አላውቅም ነበር። ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አፌ ውስጥ የኖረውን ነገር ቁጥር አለማወቄን ያን ቀን አወቅሁ። ምራቄን ለመዋጥ ፈራሁ። መምህርቷ አንዲት ስፒል ቀሚሷ ላይ ተሰክታ አግኝታ መጥታ እስክትሰጠኝ ድረስ ነፍሴ አልተመለሰችም። ያቺም የጎደለችው እሷ መሆኗን እንጃ።

እህቴ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ «በቃ፣ ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው አይወጣንም» አለች። ሳቅን። በኋላ ግን ግድግዳ ስታይ ዋለች።

ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። አግዳሚው፣ በሩ፣ ሹራቤ፣ ከንፈር መምጠጡ፣ ሁሉም በነበረበት አለ። ወድቄያለሁ አልኩት። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ፣ «የሚያዞርሽ እኮ ግፊቱ ከፍ ስላለ ነው» አለኝ። ቁጥሩም መሰከረለት፤ እንዲያውም ከፊተኛው በልጦ ነበር፤ ፈርቼ ነበርና። ሁለተኛ ዓይነት ኪኒን ጨመረልኝ። እንግዲህ አካሄዱን ያዩልኛል፦ ስፈራ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ይጨምሩልኛል፤ ሲጨምሩልኝ እወድቃለሁ፤ ስወድቅ እፈራለሁ። ከዚህ ዙር የምወጣበት በር አንድ ወንበር ነበር።

አዲሱ ማዘዣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከእህቴ መቀስ ሥር አለ። ኪኒኑን ገዝቼ ብውጠው ልወድቅ እችላለሁ፤ የስፌት መኪናው የብረት እግር ሁልጊዜ ለጥቂት አይስተኝም። ባልውጠው ደግሞ፣ አልያም ፈርቼ ሁሉንም ብተው፣ አንድ ጠዋት ስነሳ ምን እንደምሆን ለማወቅ ከጠረጴዛው ማዶ ወደ እህቴ ቀና ብሎ ማየት ይበቃኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ሁለቱንም ፈርቼ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት እጥፍ የተደረገውን የፊተኛውን ኪኒን መዳፌ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን እገምሰዋለሁ። ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። የምትነግረኝ ሴት ከመንገዱ ማዶ በመስታወቱ በኩል ታየኛለች፤ አያታለሁ፤ ደንብ እናከብራለን።

ራስሽ መለኪያ ገዝተሽ ለኪ የሚሉኝ አሉ። የጎረቤቴን ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ጨርቁ ክንዴን ሲጨምቀው የማየው ቁጥሩን ሳይሆን የእህቴን አፍ ነው።

ሰባተኛ፣ ይህ እንኳ ምስጋና ሳይሆን አድናቆት ነው፦ ሰርኩላርዎ የከለከለው ፋርማሲስቶችን ብቻ መሆኑ በሰፈራችን ታላቅ የሥራ ዕድል ከፍቷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግፊት ይለካል። መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ሰው መለኪያ ገዝቶ ከሚዛኑ አጠገብ አኑሮታል፤ ሰው ሚዛኑ ላይ እንደቆመ ክንዱን ይሰጠዋል፣ መኪና ጥሩንባ እየነፋ ያልፋል። ለጋስ ሰው ነው። አንዲት ሴትዮ ቁጥሯን ሰምታ ስትደነግጥ፣ «እትዬ፣ ካልተስማማሽ ሌላ ላውጣልሽ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላ አወጣላት። ተስማማት። ከሥራዋም ሳትዘገይ ሄደች። እንግዲህ በዚህ መንገድ ግፊት መለካት የተከለከለችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ትምህርቱን የተማረችው ናት።

ክቡር ሆይ፣ የሙያ ድንበር መከበር እንዳለበት አልክድም። ፋርማሲስት ሐኪም ይሁን አላልኩም። እሷም ብላ አታውቅም፤ ስልኩን ታነሳ የነበረውም ሐኪሙ ስላልሆነች ነው። እኔ የምለምነው ስልኩና ወንበሩ እንዲመለሱልን ነው። ሁለቱ ከበዱ ከተባለ ወንበሩ ብቻ። በመጋዘንዎ ውስጥ ከሌሎች ወንበሮች ጋር ከተቀላቀለ በቀላሉ ይለዩታል፤ ሲቀመጡበት ያዘነብላል።

እስከዚያው ግን በመቀሱ ሥር ስላለው ማዘዣ ልዋጥ ወይስ አልዋጥ የሚለውን ጽሕፈት ቤትዎ በማኅተም አረጋግጦ ቢያሳውቀኝ እወዳለሁ። የሚመክረኝን ሰው ዝም ያሰኘ ሰው ምክሩን እንደማይነፍገኝ አምናለሁ። መልሱ ከሰዓት በኋላ ቢደርሰኝ ይሻላል፤ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት እፈራለሁ።

ለፈጸሙልን ሁሉ ጉልበቴን አጥፌ እጅ ልነሳ ብል ቀና ስል እንዳልወድቅ ስለምሰጋ፣ በተቀመጥኩበት ሆኜ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ከመድኃኒት መደብሩ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ

በጎን የታከለ፦ ለምርቃቱ በዓል ያዘዙት ጥቁር ኮት አልቋል፤ ሰው ልከው ሊያስወስዱት ይችላሉ። ያን ቀን ከአጃቢዎችዎ ጋር መጥተው «ቶሎ በይ፣ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ቆመው ሲለኩ፣ ሜትሩ ሲነካዎ ሆድዎን ስበው ነበር። እንደ ልማዴ ስለ ልጆችዎ ጠይቄ እስኪተነፍሱ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ያን ሰሞን ሰርኩላርዎን አንብቤ ስለነበር ባለሙያ ከታዘዘው አልፎ መጠየቅም መምከርም እንደሌለበት ተምሬያለሁ። ያገኘሁትን ቁጥር ጻፍኩ፤ በቁጥሩ ቆረጥኩ፤ በቁጥሩ ሰፋሁ። ልኩ አልተዛነፈም። ትንፋሽዎን እስከያዙ ድረስ ቁልፉ ይዘጋል። ተቀምጠው ንግግር ሲያዳምጡም ምናልባት ይችላል። ለጭብጨባ ሲነሱ ግን፣ አደራዎን፣ ቀስ ብለው ይነሱ።